የሾፌሩ ኮቴ

ሰዎች ወጌሻዋ ይሏታል። እሷ ግን ወጌሻ አይደለችም፤ የሰውን ጡንቻና መገጣጠሚያ ከነስሙ አጥንታ፣ ተፈትና አልፋ፣ በሆስፒታል ነጭ ጋዋን ለብሳ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ስሙ ያናድዳት ነበር። «ወጌሻዋ አለች?» እያለ በሩን ለሚያንኳኳ ሁሉ «ወጌሻ እዚህ የለም» ብላ ትመልስ ነበር። ሰው ግን ያኛው ስም ይረዝምበታል፣ ምላሱ ይተሳሰርበታል። ወገቡን የሚታመም አንድ ልብስ ሰፊ፣ «እህቴ፣ ያንን ስም ጠርቼ እስክጨርስ ወገቤ ይብስብኛል» ካላት ወዲህ ሳቀችና ተወችው። አሁን ባሏም፣ አማቷም፣ የሆስፒታሉ ዘበኛም በዚሁ ይጠሯታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

የምትሠራበት ክፍል በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በአንድ ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ይገኛል። ፕላስቲክ የለበሱ አልጋዎች፣ ሕመምተኛ በሁለት እጁ ይዞ መራመድ የሚለማመድባቸው የብረት መደገፊያዎች፣ ግድግዳውን የሸፈነ መስተዋት፣ በምስማር ላይ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ገመዶች አሉት። ጥግ ላይ ደግሞ ወጥተው ከመውረድ በቀር የትም የማያደርስ የእንጨት ደረጃ ቆሟል። ልብስ ሰፊው በመጣ ቁጥር፣ «ይህን የሠራ አናጢ ቤቱን ረስቶት ነው የሄደው» እያለ ይቀልዳል።

ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ወለሉም ድንጋይ ስለሆነ ሰው ከመታየቱ በፊት ኮቴው ይሰማል። ወጌሻዋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ላስቲክ እያጣጠፈች፣ «ዛሬ ጉልበትዎ ተሽሎታል፤ ክራንቹን ግን በተሳሳተ እጅ ይዘውታል» ስትል፣ ገና ከበሩ ያልደረሱ ሽማግሌ ደንግጠው ይቆማሉ። ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። በልጅነቷ ኳስ ተጫዋች ነበረች። ጉልበቷ ተጠምዞ ጨዋታው ሲቀርባት፣ መልሳ በእግሯ ያቆመቻት አንዲት ቁጡ ሴትዮ ነበረች፤ ሥራውንም ያስተማረቻት እሷው ናት። «መጀመሪያ ስሚው፤ ከዚያ እዪው፤ እጅሽ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው» ትላት ነበር።

ያቺው አስተማሪዋ አጥብቃ ያስጠነቀቀቻት ሌላም ነገር አለ። አንድ ጡንቻ ሲሞት ሰውነት ከሌላው መበደር ይችላል። የእግሩን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ቀና ማድረግ ያቃተው ሰው፣ ጭኑን ከዳሌው ትንሽ ከፍ እያደረገ መራመድ ቢለማመድ፣ ጉድለቱ ለማያውቅ ሰው አይታይም። ወጌሻዋ በዚህ የተካነች ናት፤ እሷ ያስተማረችው ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዞሮ የሚያየው የለም። ይህ የሚደረገው ግን በሽታው ያደረሰውን አድርሶ ላቆመለት ሰው ብቻ ነው። በሽታው ገና እየመጣበት ላለ ሰው አስቀድሞ ምክንያቱ መገኘት አለበት። «አለዚያ» ብላት ነበር አስተማሪዋ፣ «በሽታውን ጥሩ ልብስ አልብሰሽ ሸኘሽው ማለት ነው።»

ወጌሻዋ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የከተማ አውቶቡስ ከሚነዳው ባሏና ከባሏ እናት ጋር ነው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ከሥራ ስትመለስ ጋዋኗን ታጥብና በረንዳው ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከለቻቸውን አበቦች ታጠጣለች። ከዚያ የእሷና የአማቷ ጨዋታ ይጀመራል። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊት አይለዩም። አረማመድ ግን ይለያሉ። ከበረንዳው ቁልቁል እያዩ የአላፊ አግዳሚውን ሕመም ይገምታሉ።

«ያቺ ባለቀይዋስ?»

«ጫማዋ ጠቧት ነው፣ እማዬ።»

«ያ ወፍራሙ?»

«እሱ ወገቡን ነው።»

«ወዲያ! ወገቡን አይደለም፣ ሚስቱን ነው። ወንድ ልጅ ወደ ቤቱ እንዲህ ተጎትቶ የሚሄደው ግልምጫ ሲጠብቀው ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ወጌሻዋ አበባ እያጠጣች ሳለ አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

«ያ የሚመጣው ደግሞ ቀኝ እግሩን ጥሎታል። የጫማው ጫፍ መሬቱን እየላሰ ነው። ምስኪን! ይሄስ የሚድን አይመስለኝም።»

ወጌሻዋ ቀና ብላ አየች። ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ዳቦ በብብቱ የያዘ ሰው መንገዱን እየተሻገረ ነበር። ሰውየው ወደ በረንዳው አንጋጠጠና እጁን አነሳ። ውኃው ከቆርቆሮው ሞልቶ በእግሯ ላይ እስኪፈስ ድረስ አልታወቃትም።

«ማነው ሰላም የሚለን?» አሉ አሮጊቷ።

«ልጅዎ ነው፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ሹራባቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። «ደክሞት ይሆናላ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ይቅር ያለ ሳይኖር፣ ጨዋታው ቀረ።

የሰውን ሁሉ ኮቴ የምትሰማ ሴት የባሏን እንዴት ሳትሰማ ቀረች? እሷም ይህንኑ ነበር ራሷን የጠየቀችው። መልሱ ቀላል ነው። ደረጃውን ሲወጣ ስትሰማ «እሱ መጣ» ብላ ራት ለማቅረብ ትነሳለች እንጂ፣ እንደ ሕመምተኛ አዳምጣው አታውቅም።

ያን ዕለት ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችለት። የቀኙ ጫማ አፍንጫ ቆዳው ተፍቆ ነጭ ሆኗል።

«ጣቶችህን ወደ ራስህ ቀና አድርጋቸው እስቲ።»

«ሥራሽን እዚያው ሆስፒታል ተይው እንጂ፣ ወጌሻዋ።»

«ቀና አድርጋቸው አልኩህ እኮ።»

የግራው እግር ታዘዘ። የቀኙ ግን ትልቁ ጣት ብቻ እንደመንቀጥቀጥ ብሎ ተመልሶ ተኛ።

«እንዲህ ካደረገህ ቆየ?»

«እንጃ። ጫማው ነው መሰለኝ።»

«ጫማውን አውልቄልሃለሁ።»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ብቻውን ነበር የሳቀው። እሷ እግሩን እንደያዘች ዓይኑን አየችው።

«ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ እንዴት ነው የምታሻግረው?»

ያገባችው ሰው በዝናብም በጭጋግም መሪ የጨበጠ፣ ምንም ነገር አያስደነግጠኝም ባይ ነበር። አሁን ፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት አዲስ ሆነባት።

«ነገውኑ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች።

«ከዓመቱ ምርመራ በኋላ። ምርመራው ደርሷል። አሁን ሐኪም ቤት ታየ ከተባለ ያለቀልኝ ነው።»

«አውቶቡሱ ላይ ሰው ነው የምትጭነው፤ ድንጋይ መሰለህ?»

«አንቺ ደግሞ! እስከ ዛሬ ማንን ገጨሁ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ። ከመሪው ካነሱኝ ቀበሩኝ ማለት ነው። አባቴን አላየሽውም? ጡረታ ወጥቶ እዚህች ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ ሬሳው ነው ከዚያ የተነሳው። ላገሩ ሁሉ እግር ትሰጫለሽ፤ ለእኔ ሲሆን ነው የምትሰስቺው?»

ይህ ቃል አንጀቷን በላው። ክብሯንም ነክቶታል። ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ፣ ጠዋት በአንድ ግዴታ እሺ አለችው። ምርመራውን ባለፈ ማግስት ወደ ነርቭ ሐኪም ይሄዳል።

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

«እኔን ምን አገባኝ!» አሉ አሮጊቷ ከጓዳ። «በራስህ ማል!»

እሱ ሳቀ። በራሱ ግን አልማለም።

በቁም ሳጥኑ መስተዋት ፊት ልምምዱ ተጀመረ። «እንደ ዶሮ አታንሳው፤ ከዳሌህ፣ ቀስ ብለህ» ትለዋለች። «እሺ አሰልጣኝ» ይላታል። ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት የመጽሐፍ ክምር እንደ ነዳጅና እንደ ፍሬን መሬት ላይ አኑራ፣ ጭኑን አንስቶ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያሻግር አደረገችው። ከሕመምተኞቿ ሁሉ እንደ እሱ ፈጥኖ የገባው አልነበረም። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ከቀን ወደ ቀን እየተስተካከለ ሲሄድ፣ ማዘኗ ቀርቶ በእጇ ሥራ መኩራት ጀመረች። አሮጊቷ ግን ልምምዱ በተጀመረ ቁጥር ወንበራቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ይወጣሉ።

የምርመራው ሐኪም ደግ ሰው ነበር፤ ደክሞት ነበር፤ በሩ ላይ የሾፌር ሰልፍ ይጠብቀዋል። ሂድ አለው፤ ሄደ። ተመለስ አለው፤ ተመለሰ። መዳፉን ከእግሩ ሥር አድርጎ ርገጥ አለው። መርገጡ ላይ እንከን አልነበረበትም፤ የሞተው ማንሻው ነው። «ይህ እግርማ ፍሬኑን ይሰብረዋል» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አሳለፈው። ሾፌሩ ቤት ገብቶ የሐኪሙን ድምፅ እያስመሰለ ሲያወራ፣ ወጌሻዋ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አሮጊቷ አልሳቁም።

ማግስቱ ነገ ሆነ፤ ነገም ከነገ ወዲያ። አንድ ቀን ሥራ በዛ፤ አንድ ቀን ሐኪሙ የለም ተባለ፤ አንድ ቀን ደግሞ «ተሽሎኝ የለ እንዴ፣ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ስትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በዕረፍት ቀኑ፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ፣ ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ ባቱ ተገልጦ አየች። ባቱ ከስቷል። ቆዳው ሥር ደግሞ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል፤ ካፊያ የወረደበት ኩሬ ይመስል፣ አንዱ ጋ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ሌላው ጋ ብቅ ይላል። እሱ ተኝቷል፤ ሥጋው ግን አልተኛም። መዳፏን አስቀመጠችበት። ከእጇ በታች እንደዚያው ቀጠለ። እንዲህ ያለ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ አብረዋት ከተማሩት መካከል የማያውቅ የለም። ጡንቻን አንድ በአንድ እየገደለ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚዛመተውን የዚያን በሽታ ስም ለራሷ እንኳ አልጠራችውም። ብርድ ልብስ አምጥታ እግሩን ሸፈነችው።

በዚያው ሰሞን የአውቶቡሶቹ ስምሪት አለቃ ትከሻቸው ደርቆባቸው ወደ እሷ ይመላለሱ ነበር። አልጋው ላይ አስተኝታ ክንዳቸውን ቀስ አድርጋ ታዞርላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ እያቃሰቱ ወሬ ይወዳሉ።

«ለባልሽ ምን እንዳደረግሁለት ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም፣ ጋሼ።»

«አዲሱን ረጅሙን አውቶቡስ ሰጠሁት። የቁልቁለቱን መስመር! ሐኪሙ ስለ እሱ እግር ሲያወራ ብትሰሚ፣ የበሬ ነው ብሎኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ሜዳ ለሜዳ ማንገላታት ምን ይሠራል?»

የቁልቁለቱን መስመር የማያውቅ ሰው በከተማው የለም። ከላይኛው ሰፈር እንደ ገመድ ተወርውሮ ወደ ገበያው ይወርዳል። ግርጌው ላይ የትምህርት ቤት በር አለ፤ ከበሩ ፊት ተማሪ የሚሻገርበት ነጭ መስመር።

የወጌሻዋ እጅ የአለቃው ክንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው? ተሰበርኩ እንዴ?»

ያኔ እውነቱን ብትናገር ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

«ትንፋሽዎን ይልቀቁ፣ ጋሼ» አለች። ክንዳቸውንም እንደገና ማዞር ጀመረች።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ላይኛው ሰፈር የባሏን አውቶቡስ ጠበቀች። ሾፌሩ ስትገባ አይቷት በመስተዋቱ ጠቀሳት። የእግሩን መርገጫ ለማየት ከምትችልበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ እንቁላል በቅርጫት የታቀፈች ሴት ነበረች።

«ሾፌር፣ ቀስ በል! እንቁላሌ ገና አልተሸጠም!»

«አይዞሽ፣ ከፈሰሰ ድስት ይዘን እንከተልሻለን!» አላት ሾፌሩ።

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ጭኑ ከፍ አለ፤ እግሩ ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ ተሻገረ፤ ረገጠ። ልክ እንዳስተማረችው ነበር። አውቶቡሱ ገበያው ደርሶ ተመለሰ። እሷ አልወረደችም። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ እንደገና ሽቅብ። በየምልልሱ ጭኑ የሚነሳው እያነሰ፣ አንገቱ ላይ ላብ እየወረደ መጣ። ሕመምተኛ ሲደክመው መጀመሪያ የሚከዳው ብድሩ ነው፤ ይህን ለስንቱ ነግራለች፣ ለባሏ ግን አልነገረችውም።

ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ይዞ ነበር። ግርጌው ላይ ተማሪዎቹ ተንጋግተው ነጩን መስመር መሻገር ሲጀምሩ ታዩ። የሾፌሩ ጭን ሊነሳ ሞከረ፤ አልተነሳም። የጫማው አፍንጫ ከፍሬኑ ሥር ተሸጎጠ። አውቶቡሱ ግን ይወርዳል። ያኔ ቀኝ እጁ መሪውን ለቀቀ፤ ጉልበቱ ላይ ሱሪውን ጨምድዶ ያዘና እግሩን እንደ ዕቃ አንስቶ ፍሬኑ ላይ ጣለው።

አውቶቡሱ አፍንጫውን ከነጩ መስመር አሳልፎ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። አንዲት ተማሪ ከፊት ለፊቱ ዘወር ብላ ወጥታ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ መታችው።

«አይታይህም እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ጓደኞቿ ሳቁ፤ ተሻገሩ። ባለ እንቁላሏ ቅርጫቷን ገለጥ አድርጋ እያየች፣ «ቢያንስ ፍሬኑ እንደሚሠራ አወቅን!» አለች፤ እንደገና ሳቅ ሆነ።

ሾፌሩ በመስተዋቱ የሚስቱን ዓይን ፈለገ። እሷ የምታየው እጁን ነበር። ጣቶቹ አሁንም ሱሪውን እንደጨመደዱ ናቸው። እግርን በእጅ ማንሳት እሷ ያስተማረችው አይደለም። ይህን ራሱ ነው የተማረው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ገበያው ላይ ወርዳ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። አለቃውን ትንሽ መስኮት ባላት ክፍላቸው ውስጥ ትከሻቸውን እያሹ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ባሌን ዛሬውኑ ከመሪው ያንሱልኝ።»

«ምነው፣ ተጣላችሁ?»

«ቀኝ እግሩ ሞቷል።»

«ኧረ ተይ! ሐኪሙ አላየውም እንዴ?»

«ሐኪሙ ያየው እኔ ያስተማርኩትን ነው።»

አለቃው እጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ቀስ ብለው አዩዋት።

«ትናንት እጅሽ የቆመው ለዚህ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ የጤና መስሎኝ... ትናንትናና ዛሬ የተሳፈረውን ሰው አስቢው እስቲ» አሉና ስልኩን አነሱ። አልተቆጧትም። ለሚቀጥለው ሕክምናቸው ግን እንደማይመጡ ከፊታቸው አወቀች።

ቤት ስትደርስ አማቷ በረንዳው ላይ አልነበሩም። ሳሎን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ነገርኳቸው፣ እማዬ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ አሮጊቷ። «በእኔ ነበር እኮ የማለው።»

ሁለቱም ጠበቁ። ባሏ ምን እንደሚላት አስቀድማ አስባው ነበር። ቀበርሽኝ ይላታል፤ ይበል። ለዚህ ተዘጋጅታለች።

ከታች የሕንፃው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ኮቴ ተሰማ፤ ዝግ ያለ፣ ደረጃ በደረጃ የሚቆም። ብድር የለበትም፤ ከእንግዲህ የሚደብቀው ነገር ስለሌለ እግሩን እንደፈቀደው ተወው ማለት ነው። ወጌሻዋ ተነሳች።

«ማነው የሚመጣው?» አሉ አሮጊቷ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው።

«እሱ ነው።»

«አይደለም። የልጄን ኮቴ አላውቀውም እንዴ? የልጄ የሚጎተተው ቀኙ ነው። ይሄኛው ሁለቱንም ነው የሚጎትተው።»

ወጌሻዋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እንደ ሆስፒታሉ ልማዷ፣ አዳመጠች። ቀኙ መጣ፤ ሻከረ። ከዚያ ግራው፤ እሱም ሻከረ። ኮቴው ከበሩ ፊት ቆመ። ዞራ እጀታውን ያዘች። መስማቱን ጨርሳለች፤ አሁን የቀራት ማየት ነበር።